«ስልክዎ አርጅቷል» ያለው ሰዓት

ለፋሲካ አገር ቤት፣ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ዶሮውም ጠላውም እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ አንዲት ትንሽ ካርቶን ነው።

ካርቶኗ ከአሜሪካ የመጣች ናት። ውስጧ አክስቴ ለአያቴ የላከችላቸው ስማርት ሰዓት አለ። አያቴ ሰማንያን ተሻግረዋል፣ ደም ግፊትም አለባቸው። አክስቴ «የልብ ምታቸውን ይቆጥርልኛል፣ ድንገት ቢወድቁም ይናገርልኛል» ብላ ነው የገዛችው። በባሕር ማዶ ያለች ልጅ ለአባቷ ከዚህ የተሻለ ምን ትልካለች?

የአያቴ ስልክም ያው የአክስቴ ነው። መጀመሪያ እሷ ያዘችው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ለአጎቴ ልጅ ላከችለት፤ እሱ ሌላ ሲገዛ ለአያቴ ወረደ። ጎጃም የደረሰው በስድስት ዓመቱ ነው። የቤታችን ጋዜጠኛም ኢንጂነርም እኔ ነኝና (ዲግሪዬ የሚለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው) ካርቶኑን ከፈትኩ፣ ቻርጅ አደረግኩ፣ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ለማገናኘት ተቀመጥኩ።

ሰዓቱ «ስልኩን አፕዴት አድርግ» አለ። ወደ ስልኩ ሄድኩ። ስልኩ ደግሞ «ያለኝ ሶፍትዌር የመጨረሻው ነው፣ ሌላ የለም» አለ። ተመልሼ ሰዓቱን ነካሁት። «ስልኩን አፕዴት አድርግ።» እንዲህ ስንመላለስ ቡናው ሦስተኛው ደረሰ። በመጨረሻ ነገሩ ገባኝና ለአያቴ ነገርኳቸው፤ «አባባ፣ ሰዓቱ ስልክዎ አርጅቷል ነው የሚለው።»

አያቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሰዓት ሰዓቱን ለመናገር የስልኬን ዕድሜ ምን አስጠየቀው?»

የሰዓቱን ስም አልጠራም፤ ታሪኩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። ጥያቄያቸው ግን አዲስ አበባ እስክመለስ አለቀቀኝም። ሰዓት ከመቼ ወዲህ ነው የሌላ ዕቃ ዕድሜ የሚጠይቀው? እስቲ ከሥሩ እንነሳ።

ጥላና ጫማ

አያቴ አስተማሪ ከመሆናቸው በፊት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ራሷ የደብር ልጅ ናት፤ ድሮ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ አገር ሰዓት ማወቅ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ዘጠኝ መሆኑን ማወቅ አለበት። ቅዳሴም ሰዓት አለው።

ታዲያ በምን ያውቁ ነበር? በጥላ። ሰውየው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የራሱ ጥላ ጫፍ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በገዛ እግሩ ጫማ በጫማ እያስከተለ ይለካዋል። ጥላው ስንት ጫማ እንደሆነ ሲታወቅ ሰዓቱ ታወቀ ማለት ነው።

ነገር ግን ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይረዝማል። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለየወሩ የተለያየ የጫማ ቁጥር የያዘ ሰሌዳ ነበራቸው፤ በብራና ላይ ተጽፎ የኖረ። በኛ ዘመን ቋንቋ ልተርጉመውና፣ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ የሚመጣ አፕዴት ነው።

የዚህ አፕዴት ውበቱ ከማንም ጋር መስማማቱ ነው። ረጅም ሰው ጥላው ይረዝማል፣ እግሩም ያንኑ ያህል ይረዝማል። አጭሩም እንደዚያው። ሰሌዳው የእረኛውንም የመሪጌታውንም እግር «አርጅቷል» ብሎ አይመልስም።

የሚሞላ ሰዓት

አያቴ አስተማሪ ሆነው በተቀጠሩ ጊዜ፣ በስድሳዎቹ መጀመሪያ (በኛው አቆጣጠር)፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው የእጅ ሰዓት ገዙ። ዛሬም እጃቸው ላይ ናት። በየማለዳው ከጸሎት በኋላ ይሞሏታል። «ሰዓት መሙላት» የሚለውን ቃል እኛ ካርድና ባትሪ ላይ ነው የወረስነው፤ ለእሳቸው ግን በሁለት ጣት ጉጠቷን ይዞ ማዞር ነው። ሲሞሏት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ትሠራለች።

ያቺ ሰዓት አገር የላትም። ስዊስ ትሠራ ጃፓን፣ ጉጠቷን ሳብ አድርጋችሁ ስታዞሯት ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ጠዋት ፈረንጁ ሰባት ሲል እሷ አንድ ትላለች። በፈረንጅ አቆጣጠር መተው የሚፈልግም መላ አለው፤ ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ስለሆነ የአጭሩን ዘንግ ጫፍ ትቶ በተቃራኒው በኩል ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። አያቴ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እንዲያ እያደረጉ ነው የኖሩት።

ስትበላሽ ደግሞ ሰዓት ሠሪ አለ። አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ፣ ከመስታወት ሣጥን ኋላ የሚቀመጥ ሰው። ሰዓቷ ከየትኛው ዓመት እንደሆነች አይጠይቅም፤ የተሰበረውን አይቶ ከሌላ አሮጌ ሰዓት ፈትቶ ይገጥማል።

ቀጥሎ ባትሪ መጣ። የጃፓኑ ሴኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 ነው። ያኔ ዋጋው የመኪና ያህል ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ረክሶ ሁሉም እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውን ጥቁሯን ባለ ቁጥር ካሲዮ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እነዚህም ቢሆኑ የጠየቁት ባትሪ ብቻ ነው። ባትሪው ከተገኘ ይሠራሉ፣ አለቀ።

ሳጥኖቹ

«ዕቃው አልተበላሸም፣ ግን አይሠራልህም» የሚባል ነገር ወደኛ ቤት የገባው በሰዓት ሳይሆን በስልክ ነው።

ስልክ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ነው አገልግሎቱ የተመሠረተው። ያ ስልክ ግን ሽቦውና ደወሉ ከሠራ ዕድሜውን የሚጠይቀው አልነበረም። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ደግሞ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ የኛን ፊደል መዘገበ፤ 345 ምልክቶች። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በፈለገው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርምስ ነበር።

መዝገቡ ወጣ ማለት ግን ሁሉም ዕቃ አነበበው ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007፣ በቪስታ ነው። ስልኮቹማ ከዚያም ዘገዩ። አሮጌ ቀፎ ይዛችሁ ከነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ጓደኛዬ «መልካም ልደት» ብላ ልካልኝ የደረሰኝ ሰባት ሳጥን ነው። (ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አራት፣ ከዚያ ሦስት።) ስልኩ ይደውላል፣ ይሰማል፣ ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል። አማርኛ ግን አያይም። ዓይኑ ጠፍቶ አይደለም፤ ፊደሉ የሚገኝበት ሶፍትዌር ለእሱ ስላልተሠራለት ነው።

ያኔ ብዙዎቻችን ሳናውቀው አንድ ነገር ተለወጠ። ዕቃ የሚያረጀው ሲሰበር ነበር፤ አሁን ሌላ ቦታ ያለ ሰው «ከዚህ በኋላ ለዚህ አልሠራም» ሲል ማርጀት ጀመረ።

ሰዓት ስልክን ሲያገባ

ስማርት ሰዓት የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፔብል የተባለ ትንሽ ድርጅት በኢንተርኔት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውለት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሰዓቱን ማድረስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉግል ለሰዓት የሚሆን የአንድሮይድ ሶፍትዌር አወጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 የአፕል ሰዓት ለገበያ ዋለ።

ሰዓቱ ስልክ ያስፈለገው ትንሽ ስለሆነ ነው። ባትሪው ጣት አትሞላም። ስለዚህ ከባዱን ሥራ (ኢንተርኔቱን፣ የጤና መዝገቡን፣ አፕዴት ማውረዱን) ለስልኩ ይጥልና ራሱ በብሉቱዝ ውጤቱን ይቀበላል። ይህም ተራ ብሉቱዝ ሳይሆን ባትሪ የሚቆጥበው ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፣ አንድሮይድ ግን በራሱ የደገፈው በ4.3 እትሙ፣ በ2013 ነው። ከዚያ በፊት የቀረ ስልክ ሰዓቱ ቢጮህም አይሰማም።

እዚህ ድረስ ተፈጥሯዊ ነው እንበል። ከዚያ ወዲያ ግን ደረጃው በየዓመቱ ከፍ ይላል። በግልጽ የተመዘገበ ስለሆነ የአፕልን እንይ። የመጀመሪያው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ አይፎን 5 ይበቃው ነበር። የ2022ቱ ሶፍትዌር (9ኛው) አይፎን 8ን፣ የ2023ቱ (10ኛው) አይፎን ኤክስኤስን ወይም ኤክስአርን፣ የ2025ቱ አይፎን 11ን ዝቅተኛ መስፈርት አደረገ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በ999 ዶላር የወጣው አይፎን ኤክስ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ከአዲሱ የሰዓት ሶፍትዌር ውጭ ሆነ ማለት ነው።

ሰዓቶቹም ራሳቸው ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥ የወርቅ የአፕል ሰዓት ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2018፣ አምስተኛው ሶፍትዌር ሲወጣ የመጀመሪያውን ትውልድ በሙሉ ተወው፤ ወርቁንም ጨምሮ። ወርቁ አልዛገም፣ ሶፍትዌሩ ግን ቆመ። የ2017ቱ ሦስተኛ ሰዓት ደግሞ ይገርማል፤ በሰኔ 2022 «አዲሱ ሶፍትዌር ይህን አይቀበልም» ተብሎ ከተነገረ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ከመደርደሪያው አልወረደም ነበር።

የሳምሰንግም የራሱ መንገድ አለው። የቀድሞ ሰዓቶቹ ከአይፎን ጋርም ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጋላክሲ ዋች 4 ሲመጣ አይፎንን ተወ፤ ከአንድሮይድም ቢያንስ 6.0 እትምና ከ1.5 ጊጋባይት በላይ ራም ጠየቀ።

ለኢንጂነሮቹም እንፍረድላቸው። አሮጌ ስልክ የደኅንነት ጥገና ካቆመ የልባችሁን ምት የያዘ መረጃ በእሱ በኩል ማሳለፍ አደጋ አለው። እያንዳንዱን ሰዓት ከእያንዳንዱ አሮጌ ስልክ ጋር መፈተሽም ሰውና ገንዘብ ይበላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አሮጌውን የተወ ድርጅት አዲስ መሸጡም እንዲሁ እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

ፔብል ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ተዘጋ፤ ፊትቢት የተባለው ድርጅት ሶፍትዌሩንና ባለሙያዎቹን ወሰደ፤ በሰኔ 2018 መጨረሻ ሰዓቶቹ የሚደገፉበት አገልግሎት ቆመ። ነገር ግን ሰዓቶቹን የሚወዱ ሰዎች «ሬብል» ብለው ተሰባስበው አገልግሎቱን በራሳቸው ሠርተው አስቀጠሉት። ፊትቢትን ቆይቶ የገዛው ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የሰዓቱን ሶፍትዌር ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ያ ዓይኑ ላይ መነጽር የሚሰካው ሰዓት ሠሪ አይደሉም? ልዩነቱ የኛው ሰው መፍቻ ብቻ ይበቃው ነበር፤ እነሱ የሚፈቱት ነገር በኮድ የተቆለፈ ነው።

ስድስተኛው ዓመት

አሁን ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ።

አክስቴ በምትኖርበት አገር ስድስት ዓመት የሞላው ስልክ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ዕቃ ነው። በኛ ቤት ደግሞ ስድስተኛው ዓመት ስልኩ የደረሰበት ዓመት ነው። መስፈርቱን የሚያወጣው ሰው ያቺን ሰንሰለት (ከአሜሪካ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጎጃም) አያያትም። ስልኩ አያቴ እጅ ሲገባ በር ሊዘጋበት ጥቂት ወራት ቀርተውታል።

ሌላም አለ። አፕዴት የሚወርደው በኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ከላይ የነገርኳችሁ 10ኛው የአፕል ሰዓት ሶፍትዌር የወጣው በዚያው መስከረም ነው። ዓለም «አሁኑኑ አፕዴት አድርጉ» ሲባል ማርቆስ ላይ ሰው የልጁን ድምፅ ለመስማት መደበኛ ጥሪ ይጠባበቅ ነበር። እናንተዬ፣ በዚያ ሰሞን የአፕዴት ነገር ትዝ ያለው ሰው ቢኖር ያሳየኝ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን ስልኮቹ በወራት ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ማንም ደግሞ «ለእናንተ ጊዜውን አራዝመናል» አላለም።

ስለዚህ የአያቴ ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል፦ አባባ፣ ሰዓቱ የጠየቀው የስልክዎን ዕድሜ ብቻ አይደለም። የት እንደሚኖሩም ጭምር ነው የጠየቀው፤ ማን ልኮልዎት፣ ከስንት እጅ በኋላ እንደ ደረሰዎት።

እንዴት አለቀ?

አክስቴ ስትደውል ነገርናት። ወዲያው «አዲስ ስልክ እልካለሁ» አለች። አያቴ ስልኩን ተቀብለው «ይህኛው ምን አደረገ? ይኸው ያንቺን ድምፅ እየሰማሁበት አይደለም እንዴ?» አሏት። አክስቴ ዝም አለች። ሩቅ ላለ ልጅ ስጦታው ሲመለስበት እንደማይቀል ገብቶኛል፤ ያቺ ሰዓት ለእሷ ሰዓት አልነበረችም፣ በሌሊት ተኝታ «አባቴ ደኅና ነው» ብላ የምታረጋግጥባት ዓይን ነበረች።

በመጨረሻ የተስማማነው በሌላ ነገር ነው። ከከተማው መድኃኒት ቤት ክንድ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ ገዛን። ስልክ አይጠይቅም። ጎረቤታችን ያለችው ነርስ አስተማረቻቸው፤ አያቴም ጠዋት ጠዋት ሰዓታቸውን ከሞሉ በኋላ ይለኩና በደብተር ይጽፋሉ። እሑድ እሑድ አክስቴ ስትደውል ያነቡላታል፤ አስተማሪ አይደሉ፣ ቁጥሩን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚደግሙላት።

ስማርት ሰዓቱን እኔ ወረስኩት። በቤታችን ታሪክ ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የወጣ የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን አይቀርም።

ለምትልኩም ለምትቀበሉም ሦስት ምክር ላክል። አንድ፣ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት የተቀባዩን ስልክ ሞዴልና የሶፍትዌር እትም ጠይቁ፤ ሰዓቱ የሚፈልገው ዝቅተኛ እትም ካርቶኑ ላይ ወይም የድርጅቱ ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለት፣ ከአሮጌ ስልክ ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ሰዓት ካላችሁ ፋብሪካ እንደወጣ ለማድረግ (ሪሴት) ወይም አፕዴት ለማድረግ አትቸኩሉ፤ በብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር መመለሻ መንገድ የለም። ሦስት፣ ለጤና ብላችሁ ከሆነ መጀመሪያ «ያለ ስልክ የሚሠራ መለኪያ አለ ወይ?» በሉ።

አንድ ነገር ቀረችኝ። ሰዓቱ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ሰዓቱን የሚወስደው ከስልኬ ነው፣ እንደ አያቴ ጉጠት አዙሬ ኢትዮጵያዊ ላደርገው አልችልም። ግን መላ አገኘሁ። ሁለተኛ ከተማ ጨምር ሲለኝ ከኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለ ቦታ ፈለግኩና ቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና ሆና ተገኘች። ጠዋት ፈረንጁ ሰባት ሲል ቦነስ አይረስ ገና ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ነው፤ አያቴም ማርቆስ ላይ «አንድ ሰዓት ሆነ» ብለው ሰዓታቸውን ይሞላሉ።

ደውዬ ነገርኳቸው። «አርጀንቲና?» አሉኝ፤ «የኛን ሰዓት ለማወቅ እዚያ ድረስ ሄድሽ?»